ዛጎል ያቆመው ምድር፦ አራት ቀን በቲሙኳን ረግረግ

ከመነሳታችን በፊት

እናቴ ከባሕር ዳር ወደ አትላንታ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ከቤት አልወጣችም ማለት ይቻላል። መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት የቡና ስኒዋን ይዛ በመስኮት እያየች፣ «እናንተ አገር ውሃ የለም እንዴ?» አለችኝ። ቻታሁቺ ወንዝ ወስጃት ነበር፤ ትንሽ አየችውና ዝም አለች። ጣናን እያየች ያረጀች ሴት ውሃ የምትለው ማዶው የማይታየውን ነው።

የልጄ ትምህርት ቤት በሚያዝያ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። ያንን ሳምንት ለባሕር መደብኩት። የመዝናኛ ዳርቻ ግን አልፈለግሁም፤ አሸዋ ላይ ፎጣ ዘርግቶ መዋል ለእናቴ ጉዞ አይደለም። የምትጠይቅበትና የምትከራከርበት ውሃ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ፍሎሪዳ ውስጥ ጃክሰንቪል ከተማ ጥግ ያለውን የቲሙኳን ሥነ ምህዳራዊና ታሪካዊ ጥብቅ ስፍራ መረጥኩ። ስፍራው በሴንት ጆንስና በናሳው ወንዞች መካከል የተዘረጋ፣ 46,000 ኤከር የሚሆን፣ አብዛኛው ጨዋማ ረግረግ የሆነ ምድር ነው። በ1988 በሕግ ተከለለ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።) አጥር የለውም፤ መግቢያ በርም አንድ አይደለም። ምሽጉ በወንዙ ደቡብ፣ የባርነት ዘመኑ እርሻ በሰሜን፣ የጥቁሮች የባሕር ዳርቻ ደግሞ በሌላ ደሴት ላይ ናቸው። ሳያቅዱ የሄዱ እንደሆነ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል።

ከሁሉ በፊት ያየሁት የባሕሩን የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ ነው። ባሕሩ በዚህ ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ወፎችንና ሸርጣኖችን ማየት የሚፈልግ ሰው ውሃው ሲጎድል መድረስ አለበት፤ በጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ሙላቱን ይጠብቃል። እኛ ማየት ስለፈለግን ሁለተኛው ቀናችን ጉድለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የሚውልበት እንዲሆን አድርጌ መነሻችንን ወሰንኩ።

ጉዞው ሁዳዴ ውስጥ ወደቀ። በዚያ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚያወራው በወንዙ አፍ ስላለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ስለ ሜይፖርት ሽሪምፕ ነው፤ እናቴ ግን ለዓሣም ቢሆን አፏን አትከፍትም። ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የተልባ ዱቄትና ሦስት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ያዝን። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስም ያዝን፤ በረግረጉ ከትንኝ ሌላ በዓይን የማትታይ ደም መጣጭ ዝንብ አለች፤ የምትነክሰውም ነፋሱ ጸጥ ሲል ነው።

አንደኛው ቀን

ከአትላንታ እስከ ጃክሰንቪል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ጥድ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጥድ።

አመሻሽ ላይ በዴምስ ፖይንት ድልድይ የሴንት ጆንስን ወንዝ ስንሻገር እናቴ ተነቃቃች። ድልድዩ በጣም ከፍ ያለ ነው። በአንድ ወገን የወደቡ የዕቃ ማንሻዎች፣ በሌላው ወገን አረንጓዴ ሣርና በሣሩ መካከል እንደ ጅማት የሚጠማዘዝ ውሃ ይታያል። ወንዙ ከደቡብ ወደ ሰሜን 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚፈስ ነገርኳት። «ወደ ሰሜን? እንደ ዓባይ ነዋ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ወንዙን በስሙ አልጠራችውም፤ «ዓባያችሁ» ነው የምትለው።

ማታ ማረፊያችን ውስጥ ሌላ ነገር ነገርኳት። እምቦጭ እዚህም ነበር፣ አሁንም አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አበባው ያምራል ተብሎ ሴንት ጆንስ ውስጥ ገባ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የእንፋሎት መርከቦችን መንገድ ዘጋ። በ1899 የአሜሪካ ምክር ቤት የሠራዊቱ መሐንዲሶች እንዲያጸዱት በሕግ አዘዘ። ጣና ላይ እምቦጭ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። እናቴ የጎርጎራና የደንቢያ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው አይታለች። «መቶ ዓመት ቀድሟቸው ኖሯል? ታዲያ ምነው ማንም አልነገረን?» አለች። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። በረግረጉ ግን እምቦጭ እንደማታይ አረጋገጥኩላት፤ የባሕሩ ጨው ይገድለዋል።

ሁለተኛው ቀን

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ በቴዎዶር ሩዝቬልት ስም በሚጠራው ደን ውስጥ ነበርን። ይህ 600 ኤከር ደን ዛሬ የከተማ መኖሪያ ያልሆነው ዊሊ ብራውን በሚባል አንድ ሰው ምክንያት ነው። ሰውየው ኤሌክትሪክ በሌለው ቤት ብቻውን ኖረ። ቤት ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች ብዙ ገንዘብ ይዘው ቢመጡበትም እምቢ ብሎ፣ በ1969 መሬቱን እንዲጠበቅ ለተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አስተላለፈው፤ በዓመቱም ሞተ። የደኑን ስም ያወጣው እርሱ ነው፤ የራሱን ስም ሳይሆን የሚያከብራቸውን ፕሬዚዳንት ስም ሰጠው።

መንገዱ ከእግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ልጄ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አያቴ፣ መሬቱ በሙሉ ዛጎል ነው!» አለ። እውነቱን ነው። የአካባቢው ነባር የሆነው የቲሙኳ ሕዝብና ከእነርሱም በፊት የነበሩ ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት እዚህ ኦይስተር የሚባለውን ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳ እየበሉ ዛጎሉን አንድ ቦታ ጣሉት። የተጣለው ዛጎል ኮረብታ ሆነ፤ ኮረብታው ኖራ ለሚወዱ ዛፎች አፈር ሆነ። ከላይ ትልልቅ የኦክ ዛፎች ቅርንጫፋቸውን እስከ መሬት ዘርግተዋል፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የሚንጠለጠል ግራጫ ተክል ይወርዳል። በሰሜን ተራሮች አስታ ላይ የሚያድረውን ሽበት ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

ረግረጉ ዳር ካለው የእንጨት መመልከቻ ስንደርስ ልክ 3 ሰዓት ነበር። ውሃው ግን አልጎደለም፤ ገና ወደ ባሕሩ እየፈሰሰ ነው። ሰንጠረዡን ያነበብኩት ለወንዙ አፍ ነበር። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ሙላቱም ጉድለቱም ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጠባብ ቦይ ውስጥ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ለዚህ ስፍራ የሚያቅድ ሰው ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚሄድበትን ቦይ ሰዓት ይፈልግ፣ ካላገኘም አንድ ሰዓት ይጨምር።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «ጣና የሚጎድለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ይኼስ ቸኩሏል» አለች። ቆሎ እያነሳን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ጠበቅን። ጭቃው ከሣሩ ሥር ቀስ በቀስ ወጣ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የበሰበሰ እንቁላልን ይመስላል። ሽታው የብልሽት ምልክት አይደለም። አየር በማይገባው ጭቃ ውስጥ ተዋሕስያን የሞተውን ሣር ሲያበሰብሱ የሚወጣ ጋዝ ነው። ስፓርቲና የሚባለው ይህ ሣር በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚኖረው ጨውን በቅጠሉ አውጥቶ ስለሚጥል ነው፤ ልጄ ቅጠሉን በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ። ሣሩ ሲሞትና ሲበሰብስ ደግሞ የሽሪምፑም፣ የሸርጣኑም፣ የዓሣ ጫጩቱም ምግብ ይሆናል። ሜይፖርት የምትበላው ከዚህ ሽታ ነው።

ከዚያ ሸርጣኖቹ ወጡ። አንድ፣ አሥር፣ ከዚያ የማይቆጠሩ። ወንዱ አንድ እጁ ከገላው የማይመጣጠን ትልቅ ነው፤ ሴቷን ለመጥራት ያንን እጁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ፈረንጆቹ በቫዮሊን ተጫዋች ሰይመውታል። እናቴ ለአፍታ አየችውና፣ «አዝማሪ ነው፤ ማሲንቆውን ይዟል» አለች። ልጄ ከዚያ በኋላ ሌላ ስም አልጠራበትም።

ጭቃው ሲሰፋ ሽመላዎች ወረዱ። ራሳቸው ላባ የለውም፤ ቆዳው ግራጫና ሸካራ ነው። ምንቃራቸውን በትንሹ ከፍተው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ያጠልቁታል፤ ዓሣ ሲነካው ዓይን ሳያይ ምንቃር ይገጥማል። የሚበሉት በመዳሰስ ስለሆነ ውሃው ጎድሎ ዓሣው በአንድ ቦታ ካልተሰበሰበ ይራባሉ። የእኛን ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚያውቅ ሰው ዘመዳቸውን ቢጫ ምንቃሩን ሽመላ አይቶታል፤ ወገናቸው አንድ ነው።

ከሰዓት በኋላ በዚያው አቅራቢያ ወደ ፎርት ካሮላይን ሄድን። ፈረንሳዊው ዣን ሪቦ በ1562 እዚህ መጥቶ የድንጋይ ዓምድ አቆመ። ምክትሉ የነበረው ሎዶኒየር በ1564 ከፕሮቴስታንት ሰፋሪዎች ጋር ተመልሶ፣ በቲሙኳ ሰዎች እርዳታ ባለ ሦስት ማዕዘን ምሽግ ሠራ፤ በንጉሣቸው በሻርል ዘጠነኛ ስም ጠሩት። በዓመቱ ተራቡ። መስከረም 1565 ስፔናዊው ሜኔንዴስ በማዕበልና በዝናብ ውስጥ በእግሩ ገሥግሦ ምሽጉን ያዘ፤ ከወንዶቹ አብዛኞቹን ገደለ፣ ሴቶችና ሕጻናትን ተወ። እርዳታ ይዘው የመጡትን የሪቦን መርከቦች ያው ማዕበል ሰበራቸው፤ ከባሕሩ ከተረፉት ሰዎችም አብዛኞቹ በስፔናውያን እጅ አለቁ፤ ሪቦም ከእነርሱ ጋር። ዛሬ በወንዙ ዳር የሚታየው ምሽግ መታሰቢያ እንዲሆን በኋላ የተሠራ፣ ከዋናው ያነሰ ነው፤ የመጀመሪያው የቆመበት ስፍራ እስካሁን አልተገኘም። እኔን ግን ምሽጉ ብዙም አልያዘኝም። ሁለት የሩቅ ነገሥታት የተጣሉበት ቦታ ላይ ዓምድ አለ፤ እህሉን ያካፈላቸው ሕዝብ የተወው ዛጎሉን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ከሜይፖርት መኪናችንን ጀልባ ላይ አሳፍረን ወንዙን ተሻገርን። መሻገሩ ደቂቃዎች ብቻ ይወስዳል። እናቴ ከመኪና ወርዳ የጀልባውን መደገፊያ ይዛ ቆመች፤ ፔሊካኖች ከአጠገባችን ዝቅ ብለው አለፉ። ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ዙሪያውን በመኪና ከመዞር ጀልባውን ይምረጥ፤ ደሴት መሆኑ የሚገባው በውሃ ሲገባበት ነው።

ፎርት ጆርጅ ደሴት ላይ መንገዱ በጠባብ ደን ውስጥ ያልፋል። ጫካው በድንገት ሲከፈት በስተግራና በስተቀኝ ጣሪያ የሌላቸው ትናንሽ ግድግዳዎች በግማሽ ክብ ተሰልፈው ይታያሉ። በዜፋንያ ኪንግስሊ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ቤቶች ናቸው። 32 ነበሩ፤ የ25ቱ ቅሪት ቆሟል። አንዱ ታድሷል። ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ። በጫፍና በጫፍ ያሉት ተለቅ ይላሉ፤ የአሠሪዎቹ ነበሩ። ወደ ውሃው በኩል ደግሞ የጌታው ነጭ ቤት አለ፤ በ1798 ገደማ የተሠራ፣ በፍሎሪዳ ካሉት የዚህ ዓይነት የእርሻ ቤቶች ሁሉ የቆየው።

እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። «ይኼ እኮ ትናንት የረገጥነው ነው» አለች። ዛጎል ነው። ሠሪዎቹ የቲሙኳን የዛጎል ክምር ቆፍረው ከፊሉን አቃጥለው ኖራ አወጡ፤ ኖራውን ከአሸዋ፣ ከውሃና ካልተቃጠለ ዛጎል ጋር አቡክተው በሳንቃ ቅርጽ ውስጥ እየጠቀጠቁ ደረጃ በደረጃ አቆሙት። ታቢ ይሉታል። ኖራን በጎንደር ግንቦች የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የነገሥታት ሥራ አድርገን ነው የምናወራውም። እዚህ ኖራውን ያቃጠሉት፣ ያቦኩት፣ ግድግዳውንም ያቆሙት ራሳቸው ለሌላ ሰው ንብረት የነበሩ ሰዎች ናቸው። በሁለት መቶ ዓመት ማዕበል ያልፈረሰው የእነርሱ እጅ ሥራ ነው። ይህን ስል ድምፄ ተለወጠ መሰለኝ፣ ልጄ ቀና ብሎ አየኝ።

በደሴቱ ላይ 60 ያህል ሰዎች በባርነት ይሠሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ለቀኑ የተቆረጠ ሥራ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ በተረፈው ሰዓት የራሱን ጓሮ ይቆፍራል፣ ዓሣ ያጠምዳል። የሚያመርቱት ጭራው ረጅም የሆነውን የባሕር ደሴት ጥጥ ነበር። እናቴ ጥጥ ትፈትላለች፣ መዳመጫም አላት፤ ጭራው ረጅም ጥጥ ምን ያህል ቀጭን ፈትል እንደሚወጣው ከእኔ ይልቅ እርሷ ለልጄ አስረዳችው። «አንድ ነጠላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ለሌላ ሰው ሲለቅም...» ብላ አልጨረሰችውም።

ከሁሉም በላይ ያነጋገረን የአና ታሪክ ነው። ከሴኔጋል የመጣች የወሎፍ ልጅ ናት። በ1806 ሃቫና ላይ ኪንግስሊ ገዛት፤ 13 ዓመቷ ነበር። ልጆች ወለደችለት፤ በ1811 እርሷንና ልጆቿን ነጻ አወጣ። ፍሎሪዳ ገና በስፔን ሥር ነበረች፤ በ1813 ወራሪዎች ሲመጡ አና እንዳይይዙት ብላ የገዛ ቤቷን በእሳት አቃጠለች፤ የስፔን መንግሥት ስለዚህ መሬት ሰጣት። እርሷም በበኩሏ ባሮች ነበሯት። ፍሎሪዳ በ1821 ወደ አሜሪካ ከተዛወረች በኋላ በነጻ ጥቁሮች ላይ ሕጉ ጠበቀ፤ ቤተሰቡ ባርነት ወደሌለባት ሄይቲ ሄደ። አና በኋላ ተመልሳ በ1870 ጃክሰንቪል ውስጥ አረፈች።

ልጄ፣ «ታዲያ ጥሩ ሰው ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መልስ ስፈልግ እናቴ ቀደመችኝ። በአያቷ ቤት ሁሉም በስሟ ብቻ የሚጠራት፣ አባቷ የማይጠቀስ፣ ምድጃ ዳር የምትተኛ ሴት እንደነበረች ተናገረች። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ሴትየዋ ግን ከአዋጁም በኋላ እዚያው ምድጃ ዳር ኖረች፣ እዚያው ሞተች። «እኛ እንዲህ ያለ ግድግዳ እንኳ አላቆምንላትም» አለች። ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ፤ ልጄም ደገመው።

በዚህችው ደሴት ላይ ስፔናውያን ሳን ሁዋን ዴል ፑዌርቶ የሚባል የሚሲዮን ጣቢያ ነበራቸው። እዚያ ያገለግል የነበረው ፍራንሲስኮ ፓሬሃ የሚባል መነኩሴ የቲሙኳን ቋንቋ ተምሮ በላቲን ፊደል ጻፈው፤ በ1612 ሜክሲኮ ውስጥ የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ አሳተመበት። ዛሬ አሜሪካ በሚባለው ምድር ካሉት ነባር ቋንቋዎች መጀመሪያ ማተሚያ ቤት የገባው ይህ ነው። ጣቢያውን በ1702 ከካሮላይና የመጡ እንግሊዞች አቃጠሉት። በሽታና ጦርነት ሕዝቡን አመናመነው፤ በ1763 ስፔን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ የቀሩት ጥቂቶች ወደ ኩባ ተሻገሩ፤ በታሪክ የሚታወቀው የመጨረሻው ቲሙኳም በ1767 እዚያ ሞተ። ቋንቋው ሰዋስው አለው፣ መዝገብ አለው፣ ጸሎት አለው፤ «እናቴ» ብሎ የሚጣራበት ግን የለም። አትላንታ ውስጥ ልጅ በአማርኛ የሚያሳድግ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሰማውን አንባቢ ያውቀዋል።

አራተኛው ቀን

ወደ ሰሜን፣ በታልቦት ደሴቶች በኩል። ቢግ ታልቦት ላይ ባሕሩ ደኑን ከሥሩ እየበላ ትልልቅ ኦኮች አሸዋ ላይ ወድቀው፣ በጨውና በፀሐይ እንደ አጥንት ነጥተዋል። ግማሽ ሰዓት ቆምን።

ከዚያ አሜሊያ ደሴት ላይ ወዳለው አሜሪካን ቢች። በ1935 ኤ. ኤል. ሉዊስ የሚባል የጥቁሮች የሕይወት መድን ድርጅት መሪ፣ ጥቁሮች በሌላው ዳርቻ መግባት በተከለከሉበት ዘመን ሳይዋረዱ የሚያርፉበትን ይህን ስፍራ መሠረተ። ባለቤቱ የአና ዝርያ ናት። የልጅ ልጁ ልጅ ማቪን ቤች ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ኦፔራ የዘፈነች፣ በኋላ ወደዚህ ተመልሳ ሀብቷን ሁሉ ለተፈጥሮ ጥበቃ የሰጠች ሴት ናት። ቤት ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች የአሸዋውን ክምር ሊደረምሱ ሲመጡ እስከ መጨረሻው ተከላከለች። በ2004 ክምሩ ከጥብቅ ስፍራው ጋር ተቀላቀለ፤ በዓመቱ 2005 አረፈች። እህቷ ጆኔታ ኮል በእኛው አትላንታ የስፔልማን ኮሌጅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ፕሬዚዳንት የነበረችው ናት፤ በዚያ አጥር በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አሰብኩ።

የአሸዋው ክምር 18 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ሣርና ቁጥቋጦ ይዞታል፤ መውጣት ክልክል ነው፣ እግር ሣሩን ካጠፋው ነፋሱ አሸዋውን ይወስደዋል። ማቪን ስም አውጥታለታለች፦ ናና። በአካን ሕዝብ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

ልጄ ኪሱ ውስጥ አንድ የኦይስተር ዛጎል ይዞ እንደነበር ያወቅነው እዚያ ነው። ከጥብቅ ስፍራው ምንም ነገር ማውጣት አይፈቀድም። እናቴ ከእጁ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ መልሳ ሰጠችውና እንዲያስቀምጠው ወደ ክምሩ ግርጌ ላከችው። ዛጎሉን ሣሩ ዳር አኑሮ ቀና ብሎ ቆየ። ፀሐዩ ጠንክሯል፤ ከፊታችን 550 ኪሎ ሜትር አለ።

«ና! ና!» ብላ ጠራችው።

ዞር ብሎ፣ «እኔን ነው ወይስ እርሷን?» አለ፣ በጣቱ ወደ አሸዋው እያመለከተ።